ሶገስ፦ በቁፋሮ የተገኘው፣ በግንባታ የተሸፈነው የብረት ማቅለጫ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ከቦስተን በስተሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሶገስ የምትባል ከተማ አለች። በስሟ በሚጠራው ወንዝ ዳር አንድ ሙሉ የ17ኛው መቶ ዘመን የብረት ፋብሪካ ቆሟል። ምድጃው፣ ወናፎቹ፣ የውሃ መንኮራኩሮቹ፣ ትልቁ መዶሻ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ይህ ሁሉ ሦስት መቶ ዓመት እንዴት ቆየ ብሎ ይገረማል። አልቆየም። የሚታየው ፋብሪካ በ1950ዎቹ የተገነባ ነው። የጥንቱ ቅሪት የተገኘው በቁፋሮ ሲሆን፣ አዲሱ ግንባታ ያረፈው በዚያው ቅሪት ላይ ነው።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ነው። አንድ የአርኪዮሎጂ ቦታ እንዲተርፍ ያደረገው ገንዘብና ማስረጃውን የበላው ገንዘብ አንድ ሲሆን ምን ይደረጋል? ሶገስ ላይ የሆነው በደንብ ስለተመዘገበ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ በሥራ ድርሻቸው አነሳቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ፋብሪካው ምን ይሠራ ነበር

በ1640ዎቹ መጀመሪያ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሰፋሪዎች የብረት ችግር ነበረባቸው። ምስማሩም፣ ድስቱም፣ መጥረቢያውም በመርከብ የሚመጣው ከእንግሊዝ ነበር። በ1642 እንግሊዝ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ወደ ቅኝ ግዛቱ የሚጎርፈው ሰውም ገንዘብም ቀነሰ። ከገዥው ቤተሰብ የሆነ አንድ የተማረ ሰው ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ባለሀብቶችን አሰባሰበ፤ ኩባንያም ተቋቋመ። የመጀመሪያው ምድጃ ከቦስተን በስተደቡብ፣ ብሬንትሪ ላይ ተሠራ። ነገር ግን ውሃውም ማዕድኑም አልበቃውም። ከዚያ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ተሾመና ሶገስን መረጠ። ቦታው ሃመርስሚዝ ተባለ፤ ፋብሪካውም በ1646 ሥራ ጀመረ።

የቦታ ምርጫው ጥሩ ነበር። በአካባቢው ረግረግ ውስጥ የብረት ማዕድን ይገኛል። ደኑ ከሰል ይሆናል። ወንዙ ተገድቦ መንኮራኩር ያዞራል። የባሕሩ ሙላት እስከ ፋብሪካው ድረስ ስለሚዘልቅ ጀልባ እዚያው ጭኖ መውጣት ይችላል። ማዕድኑ በደንብ እንዲቀልጥና ቆሻሻው እንዲለይ አብሮ የሚጨመር ድንጋይ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የተለመደው የኖራ ድንጋይ ነው። ሶገስ ላይ ግን ከናሃንት ባሕር ዳርቻ ጋብሮ የሚባል ጠቆር ያለ ድንጋይ እያመጡ ተጠቀሙ። የውጭ አገር ሙያ ከአካባቢው ጥሬ ዕቃ ጋር ሲላመድ የሚታይበት ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሠራሩን ሳይረዱ ቁፋሮውን መከተል ስለሚያስቸግር በአጭሩ ልንገራችሁ። ምድጃው የተሠራው ከተዳፋቱ ሥር ነው። ሠራተኞች ከላይ ባለው ድልድይ እየመጡ ማዕድኑን፣ ከሰሉንና ድንጋዩን በአናቱ ይጨምራሉ። ከታች በውሃ መንኮራኩር የሚንቀሳቀሱ ሁለት ትላልቅ ወናፎች ይነፉታል። የቀለጠው ብረት መሬት ላይ በአሸዋ ወደተዘጋጀ ቦይ ይፈሳል፣ ወይም በቅርጽ ውስጥ ገብቶ ድስት ይሆናል። ይህ ብረት ካርቦን ስለበዛበት ጠንካራ ቢሆንም ሲመቱት ይሰበራል። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ቤት ተወስዶ እንደገና በእሳት ይጠራል፣ በውሃ ኃይል በሚነሳ መዶሻም ይቀጠቀጣል። በሦስተኛው ቤት ብረቱን የሚዳምጥና በቀጭን በቀጭኑ የሚተለትል ማሽን ነበር። ከዚያ የሚወጣው ዘንግ ለምስማር ሠሪ ይሸጣል። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት መተልተያ የነበራቸው ቦታዎች በመላው ዓለም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ገና በሰፈራ ላይ ባለ አገር እንዲህ ያለ ማሽን መትከል ድፍረት ይጠይቃል።

ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ የመጡ ነበሩ። በ1650 እንግሊዝ ስኮትላንድን ባሸነፈችበት በደንባር ጦርነት ከተማረኩት ስኮትላንዳውያንም ወደ 60 የሚሆኑት ለኩባንያው ተልከዋል። የብረት ሠራተኞቹ ፒዩሪታን ከሚባሉት፣ በሃይማኖት ጥብቅ ከሆኑት ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻቸው ጋር ብዙም አልተስማሙም። በስድብ፣ በስካር፣ በድብድብ ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። ሚስቶቻቸው እንኳ ከደረጃቸው በላይ ለበሱ ተብለው ተከሰዋል። ለጎረቤት ራስ ምታት ነው። ለታሪክ አጥኚ ግን ጸበኛ ሰው ሲሳይ ነው፤ ፋይል ትቶ ይሄዳል።

ኩባንያው አልተሳካለትም። ወጪው ከገቢው በለጠ፣ በ1650ዎቹ መጀመሪያ በዕዳ ተዘፈቀ። አበዳሪው፣ ባለአክሲዮኑና ሥራ አስኪያጁ ተካሰሱ። ምድጃው ከዚያ በኋላም እየተቆራረጠ እስከ 1660ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሠርቶ ቆመ። ክሱ ግን ለኋላ ሰው ጠቀመ። የሂሳብ መዝገቦችና የንብረት ዝርዝሮች ተርፈው ዛሬም አሉ።

ችግሩ

ፋብሪካው ከቆመ በኋላ እንጨቱ በሰበሰ፣ ግንቡ ፈረሰ፣ አፈር ዋጠው። ከላይ የቀረው በወንዙ ዳር ያለ ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነበር። ጉብታው የብረት አር ነው፤ ማለትም ማዕድን ሲቀልጥ ከብረቱ ተለይቶ የሚወጣው መስታወት መሰል ዝቃጭ ክምር። የአካባቢው ሰው ሲንደር ባንክስ ይለው ነበር። በ1898 የታሪክ ወዳጆች ቦታውን የሚያመለክት ጽሑፍ አቆሙ። ምድጃው በትክክል የት እንደነበረ ግን የሚያሳይ ሰው አልነበረም።

ከክምሩ ሌላ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። ሰው ሁሉ የብረት ፋብሪካው አለቃ ቤት ነው ብሎ ያምናል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቤቱ ተፈታትቶ አንድ ስመ ጥር የመኪና ፋብሪካ ባለሀብት ሚሺጋን ውስጥ ወዳቋቋመው ሙዚየም ሊወሰድ ነው ተባለ። ከተማው ተነሣ። በ1943 ማኅበር ተቋቋመ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ቤቱ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በኋላ በተደረገ ጥናት ቤቱ የተሠራው በ1680ዎቹ ነው። ማቅለጫው ከቆመ በኋላ ማለት ነው። አለቃው በሕይወቱ ያላየው ቤት ነው ከተማውን አስነሥቶ የአለቃውን ፋብሪካ ያዳነው።

ማኅበሩ ቤቱን ካዳነ በኋላ ዋናው ጥያቄ ፊቱ ተደቀነ። ፋብሪካው ራሱ የት ነው? ዙሪያው መኖሪያ ሰፈር ሆኗል። ተቆፍሮ ካልታየ ዛሬ ወይም ነገ ቤት ሊሠራበት ይችላል። ማኅበሩ ደግሞ ለትልቅ ቁፋሮ የሚሆን አቅም የለውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በ1948 ማኅበሩ አንድ ቆፋሪ ቀጠረ። ሰውየው በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ አርኪዮሎጂስት አልነበረም። በእጁ ሥራ ይተዳደር የነበረ፣ ሙያውን በራሱ የተማረ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዎልደን ኩሬ ዳር የአንድ ታዋቂ ደራሲ ጎጆ የቆመበትን ቦታ ቆፍሮ በማግኘቱ ስሙ ተነሥቶ ነበር። በዲግሪ ብንለካው አይመረጥም። ግን ያኔ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቻቸ ሙያ ራሱ አልነበረም። የአሜሪካ የታሪካዊ አርኪዮሎጂ ማኅበር የተቋቋመው በ1967 ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ትኩረታቸው ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት በነበረው ዘመን ላይ ነበር። የሦስት መቶ ዓመት ፋብሪካ ለብዙዎቹ ገና ትናንት ነው።

ቆፋሪው የጀመረው ከቆሻሻው ነው። የብረት አር ከባድና የማይጠቅም ስለሆነ ማንም ሩቅ ተሸክሞት አይሄድም፤ ምድጃው ቅርብ መሆን አለበት። ከላይ ለመጫን ተዳፋት ያስፈልጋል፤ የመሬቱ አቀማመጥ ይህን ያሳያል። መንኮራኩር ለማዞር ደግሞ ውሃ ከላይ መጥቶ ወደ ወንዙ መውረድ አለበት። በዚህ ስሌት ጉድጓድ እየቆፈረ ሄዶ የምድጃውን መሠረት አገኘ።

ግኝቱ እንደተሰማ ትልቁ ገንዘብ መጣ። የአሜሪካ የብረትና አረብ ብረት ኢንስቲትዩት፣ የአምራቾቹ ማኅበር ማለት ነው፣ ወጪውን ሸፈነ። በጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የኢንስቲትዩቱ ፍላጎት ግልጽ ነበር። የአሜሪካ ብረት ኢንዱስትሪ የተወለደበት ቦታ ይህ ነው ብሎ ለሕዝብ ማሳየት ይፈልጋል። ለዚህ መሠረት ብቻ አይበቃም፤ የሚሽከረከር መንኮራኩርና የሚነፋ ወናፍ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቡድኑ ሰፋ። አንድ የታሪክ ምሁር የፍርድ ቤት ፋይሎችንና የኩባንያውን መዝገቦች ያገላብጣል። የቨርጂኒያዋን የዊልያምስበርግ ከተማ መልሶ የገነባው የአርክቴክቶች ድርጅት ንድፍ ይሠራል። ቆፋሪው መሬቱን ይከፍታል። ሥራው እስከ 1953 ቀጠለ። በዚያ ዓመት ቆፋሪው ሥራውን ለቀቀ። በመስከረም 1954 መልሶ ግንባታው ለሕዝብ ተከፈተ። በ1961 የኢንስቲትዩቱ ድጋፍ አበቃ። በ1968 ቦታው ወደ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ተዛወረ።

የሠራው ነገር

አንደኛ፣ ቦታው ተረፈ። ይህን እንደ ቀላል ማየት ያስቸግረኛል። ያ ገንዘብ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ የምንተቸው ቁፋሮም አይኖርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ከመሬቱ የወጣው ነገር ከተጠበቀው በላይ ነው። የምድጃው መሠረት፣ የውሃ ቦዮች፣ የመንኮራኩር ጉድጓዶች፣ ወደ 500 ፓውንድ የሚመዝን የመዶሻ ራስ፣ የድስት ስባሪ፣ መሣሪያ፣ ጥሬ ብረት ወጣ። ከሁሉም የሚደንቀው የውሃ መንኮራኩሩ የታችኛው ክፍል ነው። ጉድጓዱ ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ ስለነበር አየር አልደረሰበትም። አየር ከሌለ እንጨት የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ብዙ አይሠሩም። ለዚህ ነው ከላይ የነበረው እንጨት ሁሉ ጠፍቶ በጭቃ የተዋጠው የቀረው። ዋናው እንጨት ዛሬም በሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ከእሱ የመንኮራኩሩን ስፋት፣ የሰሌዳዎቹን አሰካክ፣ የእንጨት ሠሪውን ዘዴ በቀጥታ ማንበብ ተቻለ። እዚህ ላይ የአርክቴክቱ ግምት አላስፈለገም።

ሦስተኛው በጊዜው ብዙም ያልታየ ነው። ቆፋሪው በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ፎቶ ያነሳል፣ ንድፍ ይሥላል። የዛሬን መስፈርት አያሟላም፤ ግን ያለማቋረጥ ነው የያዘው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ተመልሰው ያንን ማስታወሻ፣ ፎቶውንና በመጋዘን ያለውን ዕቃ እያመሳከሩ ቁፋሮውን እንደ አዲስ አጠኑት። ውጤቱ በ2010 ታተመ። መሬቱን ሁለተኛ መቆፈር አይቻልም፤ ማስታወሻውን ግን ሁለተኛ ማንበብ ተቻለ። በኔ ግምት የፕሮጀክቱ ትልቁ ፍሬ ከሕንጻው ይልቅ ይህ የወረቀት ክምር ነው።

ያልሠራው

ቁፋሮው ግድግዳና መሠረት አሳዳጅ ነበር። አርክቴክቶቹ የሚፈልጉት ልክ ነው፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከመሠረት እስከ ቦይ ያለ ከፍታ። የአፈሩ ንብርብር ለዚህ ዓላማ እንቅፋት እንጂ መረጃ ሆኖ አልታየም። በብዙ ቦታ አፈሩ በማሽን ነው የተነሳው። ከዚህ የተነሳ መጋዘን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከየትኛው ንብርብር እንደወጡ አይታወቅም። ለምሳሌ አንድ የድስት ስባሪ በ1640ዎቹ የተጣለ ይሁን በ1660ዎቹ፣ ወይስ ኋላ ላይ ቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው የጣለው፣ ከዕቃው ብቻ መናገር ያስቸግራል። ፋብሪካው ሲሠራና ሲቆም፣ ሲጠገንና ሲፈርስ የነበረው የጊዜ ቅደም ተከተል በአብዛኛው ከአፈሩ ጋር ሄዷል።

ከቁፋሮውም በላይ የከፋው የጊዜው አጣብቂኝ ነው። ቁፋሮና ግንባታ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ግንበኛ የመሠረቱን ልክ እየጠበቀ ቆፋሪ ቀስ ብሎ በትንሽ ማንኪያ አፈር ይላጥ ማለት አይሆንም። የመክፈቻ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የምርምር ጥያቄ ሁሉ ሥራ አጓታች ይሆናል። ከምድጃው በታች፣ ከመንኮራኩሩ የሚወርደውን ውሃ እንደገና እየተጠቀመ ማጭድና መሣሪያ የሚሠራ አንድ ቀጥቃጭ የራሱ ወርክሾፕ ነበረው። በ1646 ከቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ለፈጠራው መብት የተሰጠው ሰው ነው። ለኔ ይህ ወርክሾፕ ከምድጃው እኩል ያጓጓል። ምድጃው የኩባንያ ነው፤ ወርክሾፑ ግን የአንድ ባለሙያ አእምሮ ነው። ሆኖም ከትልቁ ትርኢት ውጭ ስለነበር ሌላው የተሰጠውን ያህል ትኩረት አላገኘም፤ መልሶም አልተገነባም።

መልሶ ግንባታው ራሱስ? መሠረት ስለ ወለል ይናገራል እንጂ ስለ ጣሪያ አይናገርም። ከመሬት በላይ ያለው ከንብረት ዝርዝር፣ ከአውሮፓ የቆዩ የሙያ ሥዕሎችና ከአርክቴክቱ ጥሩ ግምት የተቀናጀ ነው። ግምት ነውር አይደለም። ችግሩ ግምቱና ማስረጃው ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት እንጨት ተሠርተው ሲቆሙ ነው፤ ጎብኚው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። መተልተያው ያለበት ቤት ውስጥ የሚታየው ማሽን የቁፋሮ ውጤት ይመስላል። አብዛኛው ግን የወረቀት ውጤት ነው።

ደግሞ እንጨት ነው። መንኮራኩሩ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ይበሰብሳል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይበሰብሳል። የግንባታው ገንዘብ አንድ ጊዜ መጣ፣ የጥገናው ግን በየጊዜው ይመጣል። ለጋሹ በ1961 ሲወጣ ሂሳቡ አልወጣም።

ወንዙም የራሱን ጨመረ። በ1957 ከላይ ያለ ግድብ ተጥሶ ደለሉን ይዞ መጣ። የጀልባ ማቆሚያው የነበረው የውሃ ገንዳ በደለል ተሞላ፤ ሸምበቆ ወረሰው። ጎብኚው ፋብሪካው ለምን ወንዝ ዳር እንደተሠራ የሚረዳበት ዋናው ነገር፣ የጀልባው መንገድ፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከዓይን ተሰወረ። የፓርኩ አገልግሎት ደለሉን አንስቶ ገንዳውን ወደ ቀድሞው መልክ የመለሰው በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1954 የተሠራው ዕቅድ አጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሌላ ቦታ ለሚሠሩ

ይህን ጉዳይ ሳነብ ቆፋሪውን መውቀስ ቀላል መስሎ ይታየኝ ነበር። ደጋግሜ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚመለከተው ውሉን ነው። ገንዘቡ ለግንባታ የመጣ ነው፣ ምርምሩ ደግሞ ለግንባታው አገልጋይ ሆኖ ገባ። እንዲህ ያለ ስምምነት የሚፈርም ሰው ቢያንስ አንድ አንቀጽ ማስገባት አለበት፦ ከቅሪቱ የተወሰነ ክፍል ሳይነካ ይቀመጥ። የነገ ሰው የተሻለ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። በ1950 ያልነበሩ የከሰልና የአፈር ምርመራዎች ዛሬ አሉ። መሬቱ ከሌለ ግን የሚመረመር የለም።

የሚቻል ከሆነ መልሶ ግንባታውን ከቅሪቱ ጎን እንጂ በላዩ አለመሥራት ይሻላል። ለጋሽ በዚህ ይከራከራል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑ ይማርከዋልና። ካልሆነ ደግሞ ግምቱን ከማስረጃው መለየት። የተለየ ቀለም፣ የተለየ ድንጋይ፣ ወይም አንድ ግልጽ ሰሌዳ ይበቃል።

የጥገናውን ገንዘብ ከመክፈቻው በፊት ጠይቁ። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ማንም ስልክ አያነሳም።

የመጨረሻው ተግባራዊ ነገር ነው። አገራችን ውስጥም ብረት ይቀልጥባቸው፣ ይቀጠቀጥባቸው የነበሩ ቦታዎች በየክፍለ አገሩ አሉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት፣ አጼ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ መድፍ ያሠሩባት፣ በስም የታወቀች ናት። ስም የሌላቸው ግን ይበዛሉ። በእነዚህ ቦታዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገኘው ያው ዝቃጭ ነው፤ መጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው። ሳይጣል በፊት ጥቂት ነገር ይታይበት። መስታወት የመሰለ፣ ቀለል ያለ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ከሆነ እንደ ሶገስ ካለ ከፍተኛ ሙቀት ካለው ምድጃ ሊሆን ይችላል። ጥቁር፣ ከባድ፣ የፈሰሰ መልክ ያለው ከሆነ ብረት ገና ስላለበት ከአነስተኛ ባህላዊ ማቅለጫ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የሚስበው ጥቃቅን ቅርፊት ከተገኘ ደግሞ እዚያ ጋ ብረት ሲቀጠቀጥ ነበር። ማግኔት የትም ይገኛል። ከየቦታው የተወሰደው ለየብቻ በከረጢት ይግባ፤ በየከረጢቱ ላይ ከየት ጉድጓድ፣ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየትኛው ቀን እንደወጣ በእርሳስ ይጻፍ። ቀለም በእርጥበት ይለቃል።